ጣራው ላይ ጉብ ያለችው ነጥብ

ያለፈው ሳምንት ክፍል ያመለጣችሁ ሰዎች አትጨነቁ፣ ብዙም አልቀረባችሁም። የቀረባችሁ ነገር ቢኖር አንዲት ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጣራ ስታይ ነው። የማን ጣራ እንደሆነ፣ ከየት ሆና እንደምታየውና ማየቷ ምን ጣጣ እንዳመጣ ዛሬ ከሥር ከመሠረቱ እነግራችኋለሁ። ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ የምቀመጠው እኔ ነኝና ማንም እንደኔ አያውቀውም።

የምንሠራው አንድ አሮጌ ባለፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤቱ ሙዚየም ነው፤ ፎቁ ላይ ደግሞ የኛ ክፍል አለ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የማይዘጋ መስኮት። እኔ ከመሬት የወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞችን ፎቶ አነሳለሁ። ሳንቲሟን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስተኛለሁ፣ መብራቱን ከጎን አደርግላታለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠቅ። ልጅቷ ደግሞ እያንዳንዱ ሳንቲም የተገኘበትን ቦታ ኮምፒውተር ላይ ካርታ ውስጥ ታስገባለች። ለአንድ ሳንቲም አንዲት ቢጫ ነጥብ። ነጥቦቹ ሲበዙ የድሮ ሰዎች በየት በየት እንዳለፉ፣ የት ቆመው እንደተገበያዩ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። አንዳንዴ መጋረጃውን ዘግታ ካርታውን ብቻ ስትከፍተው ክፍላችን ውስጥ የመሸ ይመስለኛል፣ ከተማ ከሩቅ ሲታይ እንደሚያበራው ያበራል። ቀኑን ሙሉ ነጥብ ስታደርግ ስለምትውል መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "ነጥቤ" ነው የሚላት። የኃላፊያችን ልጅ ናት። እሷን ነገር ያዙልኝ፣ መከራው የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው።

አንድ ቀን ካርታውን ስታገላብጥ ከወንዙ ማዶ፣ ጡብ ማምረቻው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ጣራ ላይ ጉብ ብላ አገኘቻት። እዚያ አካባቢ ሌላ ሳንቲም የለም። ነገሩ ገረማትና በእግሯ ሄደች። በሩ ላይ የተቀበላት እስከ ቅንድቡ በጡብ አቧራ የቀላ ወጣት ነው፤ የጡብ ሠሪው ልጅ። ሰፈሩ "ቀዮ" ይለዋል፤ ሲታጠብ ግን ጠይም ነው አሉ።

"ጥንታዊ ሳንቲም የተገኘው እዚህ ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"እዚህ የሚገኘው ጡብ ነው" አላት። "እሱም ከተለመነ።"

ሳቀች፣ ሳቀ፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ሥራዋ ነጥቧን ማጣራት ነበር። እሷ ግን የልጁን ዓይን ስታጣራ ዋለች። ወደ ቢሮ ስትመለስ ጫማዋ ቀይ፣ የቀሚሷ ጫፍ ቀይ፣ ጉንጯም ቀይ ነበር። የጉንጯ እንኳ አቧራ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ወንዙን መሻገር ሥራዋ ሆነ። አባቷ ግን ምንም አያውቁም። ጋሼ (ኃላፊያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ልጃቸውን የሚድሩት ከመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት ፎቶ ለተነሳ ሰው እንደሆነ በልባቸው ጽፈው አስቀምጠዋል። ስለዚህ መሄድ በማትችልበት ቀን ነጥቤ ሌላ ዘዴ አላት። ካርታው ሥር ከሰማይ የተነሳ የሳተላይት ፎቶ አለ። እሱን ታቀርበዋለች፣ ታቀርበዋለች፣ ወንዙን ታልፋለች፣ መንገዱን ይዛ ትወርዳለች፣ ግቢው ይከፈትላታል። የሚደርቁት ጡቦች በመስመር ተደርድረዋል። ከምድጃው ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። ከጣራው ጎን ደግሞ አንድ ጠቆር ያለ ነገር አለ፣ ጥላውን ከእግሩ ሥር ዘርግቶ የቆመ።

"እሱ ነው እኮ፣ እትዬ" ትለኛለች።

"በምን አወቅሽ? ሰው መሆኑ መች ይለያል?"

"አቋቋሙን አታዪውም?"

ፎቶው የተነሳው እሷ ቀዮን ከማወቋ በፊት ነው። ይህን ስነግራት አገጯን በእጇ ደግፋ ስክሪኑን እያየች "ያኔም እየጠበቀኝ ነበራ" አለች። እንዲህ ላለች ልጅ ምን ይባላል? ሳንቲሜን ፎቶ ማንሳት ቀጠልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ገቡ። ጫማቸው ድምፅ የለውም። ከጀርባዋ ቆመው ምን ያህል እንደቆዩ እንጃ፣ እኔም ያወቅሁት ሲናገሩ ነው።

"ይሄን ቦታ ሁልጊዜ ከፍተሽ ነው የማገኝሽ። ምን አለበት?"

ነጥቤ ደነገጠች። ምን ትበል? ጡብ ሠሪው የወለደው ልጅ አለበት ትበል? እጇ አመለጣትና ማውሱን ነጥቧ ላይ ተጫነችው። ነጥቧም ውስጧን ገለጠች። ለካ አንድ አልነበረችም። ከአርባ በላይ ነጥቦች አንዷ በሌላዋ ላይ ልክ ልክ ተቀምጠው አንድ መስለው ኖረዋል። ከአርባ በላይ ሳንቲሞች፣ የተለያየ ዘመን፣ የተለያየ ንጉሥ፣ ሁሉም የጡብ ሠሪው ጣራ ላይ።

ጋሼ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት። "የኔ ጎበዝ። ለካ ዝም ብለሽ እየተከታተልሽው ነበር" አሏት።

ያኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። አባቷ ግንባሯን ከሳሟት ስንት ጊዜ ሆነ፤ ያን ደስታ ከፊታቸው ላይ ለመንጠቅ አንጀቷ አልቻለም። እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ተንደርድሮ ሄደ። ጋሼ ለበላዮቻቸው አሳወቁ፤ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ጭቃ የሚወጣበትን ጉድጓድ በገመድ አጠሩት። ምድጃው እንዲጠፋ ታዘዘ። ጡብ ሠሪውና ልጁ የቀረውን ሳንቲም ለማን ሸጣችሁ፣ የት ደበቃችሁ እየተባሉ ተጠየቁ። ጉዳዩ በስብሰባ እስኪወሰን ሥራ የለም፤ ከተወሰነ ደግሞ ግቢው ለቁፋሮ ይወሰዳል፣ እነሱም ይነሳሉ። ዝናብ ሲመጣ ያልተቃጠለው ጡብ ሁሉ ወደ ጭቃነቱ እንደሚመለስ እንኳን እነሱ እኔም አውቃለሁ።

ነጥቤ እየሮጠች ሄደች። ቀዮ ከቀዘቀዘው ምድጃ አፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እያንዳንዱን ቃል።

"ከሰማይ ሆኖ ሲያየን የነበረው ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው" አላት ቀና ሳይል። "የኃላፊው ልጅ ናት አሉኝ። በየቀኑ ትከታተላችሁ ነበር አሉኝ።"

"አያለሁ፣ አልዋሽህም። ግን የማየው…"

"እኔ ደግሞ ለኔ የምትመጪ ይመስለኝ ነበር። ስትመጪ ዓይንሽ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ ጭቃ ነው የምታየው እል ነበር። ሞኝ ነኝ።"

"ቀዮ፣ ስማኝ እስቲ።"

"አባቴ ዕድሜ ልኩን ከዚህ መሬት ያወጣው ጭቃ ነው። ትናንት ሌባ ተብሎ ጫማውን አስወልቀው ፈተሹት። ጫማውን፣ ነጥብዬ።"

በዚህ መሃል ሽማግሌው ከቤት ብቅ አሉ። ይሰድቡኛል ብላ ስትጠብቅ "ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ግቢ ውሃ ጠጪ" አሏት። ያቺ ደግነት ከስድብ ይልቅ አንገበገበቻት። አልገባችም። ቀዮም "ከእንግዲህ አትምጪ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲያ ካርታውን ብትከፍትም ወንዙን አትሻገርም። ወዲህ ማዶ ያሉትን ነጥቦች ብቻ ትነካካለች። እኔም ቀልዴን ዋጥኩ። ክፍላችን ውስጥ የሚሰማው የኔ ካሜራና የመስኮቱ መጋረጃ ብቻ ሆነ።

የስብሰባው ቀን ጠዋት ላይ ብርሃኑ ያን መስኮት አልፎ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ከታች እንግዶቹ ሲገቡ ይሰማናል። ነጥቤ ድንገት "አንዴ ብቻ ልየው" አለች፣ ለራሷ ይሁን ለኔ እንጃ። ወንዙን ተሻገረች። ግቢውን አቀረበችው። እንደ ልማዷ በቂ ነው ብላ አልቆመችም፤ ናፍቆቱ አላስቆማትም፤ ፎቶው ተሰባብሮ ትልልቅ ካሬ እስኪሆን ድረስ አቀረበችው። ያ የቆመው ነገር አራት ጠቆር ያሉ ካሬዎች ሆነ። ነጥቧ ግን ነጥብ እንደሆነች ነበረች።

"እትዬ" አለችኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። "ሳንቲም ከእጅሽ ሲበተን አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ከኔ እጅ ያመለጠች ሁሉ አልጋ ሥር ነው የምትገባው።"

"አንዷ አልጋ ሥር፣ አንዷ በር ሥር፣ አይደል? ተቀብሮ እንኳ ቢገኝ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይርቃል። ሌላ ቦታ ያሉትን ነጥቦች ሳቀርባቸው ይለያያሉ። እነዚህ ግን በፀጉር ስንጥቅ እንኳ አይለያዩም። ሁሉም አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ላይ ናቸው። ምድር ላይ እንዲህ የሚወድቅ ነገር የለም።"

ተያይዘን መጋዘን ወረድን። ከነዚያ ሳንቲሞች ጥቂቶቹን መሳቢያ እየሳብን አየን። በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ሰው የመጡ ናቸው፤ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ማንም ትክክለኛ ቦታቸውን አለማወቁ ነው። የሚታወቀው ወረዳው ብቻ ነው። ነጥቤም ካርታውን ስትሠራ የወረዳውን ስም ሰጥታ ቦታውን ፈልግ ብላ ለፕሮግራሙ ትታለታለች፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ አንድ ጉድለት አለበት፣ አላውቅም ማለት አይችልም። ቦታው ሲጠፋው የወረዳውን ልክ መሃል ይፈልግና ነጥቧን እዚያ ቁጭ ያደርጋታል። የወረዳውን እምብርት እንዲያሳያት አዘዘችው። ቀስቱ ሄደ ሄደና የቀዮ ጣራ ላይ ቆመ።

ነጥቤ ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ለቅሶ ተገለበጠ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ ያቺ ነጥብ ሐሰት ናት። የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት በከንቱ ነው። እሱን ያገኘሁት በስህተት ነው።"

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" አልኳት። እኔ ሰው ማባበል አልችልበትም። "ሌላው ሠርግ ቤት ይተዋወቃል፣ አንቺ በስህተት ተዋወቅሽ። ተነሽ፣ እዚህ ማልቀስሽ ምድጃ አያነድም።"

"አባዬ እንግዶቹ ፊት ይዋረዳል።"

"ይዋረዳሉ" አልኳት። መዋሸት አልፈለግኩም። ፊቷን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ተነሳች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጋረጃው ተዘግቶ ካርታው ግድግዳውን ሸፍኖታል። ከኋላ ወንበር ላይ ሽማግሌው ጡብ ሠሪ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ቀዮ እጁን ጉልበቱ መሃል ደብቋል። ጋሼ ንግግራቸውን ጀምረዋል። እኛ በበሩ ስንገባ አዩንና ፊታቸው በራ።

"ይህን ያገኘችው ልጄ ናት" አሉ። "በየቀኑ ስትመለከተው የነበረችውም እሷ ናት። ነይ፣ አንቺው አስረጃቸው።"

ጭብጨባው መድረክ ድረስ አደረሳት። የፕሮጀክተሩ ብርሃን መንገድ ላይ ስለቆመች ነጥቦቹ ሁሉ እሷ ላይ አረፉ። ትከሻዋ ላይ፣ ቀሚሷ ላይ፣ አንገቷ ላይ ቢጫ ቢጫ። አንዷ ከንፈሯ አጠገብ ነበረች። እኔ ሁሉን በካሜራ የማይ ሰው ያን ቀን ካሜራዬን ረስቼ ወረድኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"አባዬ፣ እኔ ያገኘሁት ነገር የለም" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን አልተቆረጠም። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ የወረዳውን ስም ለፕሮግራሙ እንዴት እንደሰጠች፣ እሱም ቦታው ሲጠፋው እንዴት መሃል ላይ እንደሚጥል። "ይቺ ነጥብ ሳንቲም አይደለችም። አላውቅም ማለት ናት። ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አላጣራሁም። ሰዎቹ ምንም አላወጡም፣ ምንም አልደበቁም። የኛን አለማወቅ ነው እነሱ ጣራ ላይ የጫንነው።"

ማጉረምረም ተነሳ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እንደ አባት ሳይሆን እንደ ኃላፊ ጠየቋት።

"ሐሰት ከሆነች ታዲያ በየቀኑ እዚያ ቦታ ላይ ምን ስታዪ ነበር?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። እኔም አልጠበቅኩም። ለመዋሸት የሚሆን ጊዜ ነበራት፤ ሰበብ ብትፈልግ አታጣም ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ከኋላ ወንበር አየች።

"እሱን ነዋ" አለች።

"ማንን?"

"ልጃቸውን። ቀዮን። ካርታ ላይ ግቢያቸው ይታያል፣ እዚያ ጋ ቆሞ ይታየኛል። ሳንቲም አልነበረም የማየው፣ አባዬ። ስትጠይቀኝ ፈራሁና ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ የሰው ምድጃ ጠፋ። እወደዋለሁ።"

ያን ያህል ሰው አንድ ጊዜ ዞሮ ሲያይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የወንበሩ ሁሉ ድምፅ አንድ ነው። ቀዮ እጁን ከጉልበቱ መሃል አውጥቶ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ያየቻት ያቺው አስተያየት ነበረች፣ ውሃ ብቻ ሞልቶባታል።

ጋሼ ከመድረክ ወርደው በወንበሮቹ መሃል አልፈው ሽማግሌው ፊት ደረሱ። ክብራቸው እየተከተላቸው እያንዳንዷ እርምጃ ስትከብዳቸው አየሁ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጥፍቻለሁ" አሉ። "ምድጃዎን ያቀጣጥሉ።"

ሽማግሌው ተነሱና የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "እሺ፣ ጌታዬ። ልጅቷን ግን እንዳይቆጧት" አሉ።

ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞረው "የሌላውን ነገር ቤት እንነጋገርበታለን" አሏት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ እሺታም የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ ራሳቸውም ገና አልወሰኑም።

ከሰዓት በኋላ ነጥቤ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ካርታውን ታስተካክል ነበር። እነዚያን ነጥቦች አንድ በአንድ ከጣራው ላይ እያነሳች በምትካቸው ሰፊ፣ ፈዘዝ ያለ ክብ ታደርጋለች፣ ወረዳውን በሙሉ የሚያለብስ፣ መስታወት ላይ የተነፈሱት ዓይነት። እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ፣ የት እንደሆነ ግን አናውቅም ማለት ነው። ክቦቹ ሲደራረቡ ካርታው የማለዳ ጉም የወረደበት አገር መሰለ። እንደዚያ ሆኖ ይበልጥ አማረኝ።

ደረጃው ላይ እግር ተሰማ። ቀዮ ነበር፤ ክፍላችንን ረግጦት አያውቅም። በሩ ላይ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ። እኔ ሳንቲም ላይ አቀረቀርኩ፤ እንዳልሰማ ለመምሰል መቼም የሚደርስብኝ የለም።

"ከሰማይ የምታዪኝን አሳዪኝ" አላት።

አቀረበችለት። ወንዙን፣ መንገዱን፣ ግቢውን፣ ጭሱን። በጣቷ ነካችው። "ይኸው። እዚህ የቆምከው።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ደጋግሞ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

"ነጥብዬ፣ ይሄ የውሃ በርሜላችን ነው።"

"አይደለም።"

"በርሜል ነው። ዝገቱን እንኳ አውቀዋለሁ።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ…" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሳቋ በጣቶቿ መሃል ወጣ፣ እንባዋም ተከተለው። ቀዮ እጆቿን ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ አወረዳቸው። ጣቶቹ ጉንጯ ላይ ቀይ አሻራ ተዉ።

"ጭቃ ሳቦካ ከሱ ጎን ነው የምቆመው" አላት። "ቢያንስ አልሳትሽም።"

ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ቀርታለች። እሷንም ልታነሳት ማውሱን ስትይዝ እጇን በእጁ ከደነው።

"ካጠፋሻት በምን ታገኚኛለሽ?"

ነጥቤ ስክሪኑን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው፣ ከቅርብ፣ ካሬ ሳይሆንባት።

"አሁንማ መንገዱን ለምጄዋለሁ" አለችው።

ጠቅ ስታደርግ ሰማሁ። ጣራው ባዶውን ቀረ። እኔም ሳንቲሜን ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አስተኝቼ፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ልይዝ ሞከርኩ። አልያዝ አለኝ። የዚያን ቀን ያነሳሁት ፎቶ በሙሉ ተንቀጥቅጦ ነው የወጣው።